ስንት ብለህ ጻፍክበት?

ሠዓሊ ጓደኛዬ እንጨት ላይ ቀርጾ ያተመውን ሥዕል ለልደቴ ሰጠኝ። ግርጌው ላይ በእርሳስ «3/20» ይላል፤ ከሃያው ሦስተኛው ማለት ነው። ቢሮ ሰቀልኩት። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ በጣም ስለወደደችው ስካን አድርጌ፣ ወፍራም ወረቀት ላይ አሳትሜ ሰጠኋት። ክፋት የለበትም ብዬ ነው። ኮድ ለሚጽፍ ሰው ኮፒ ማድረግ ሁለት ቁልፍ መጫን ነው፤ ማንም ምንም አይጎድልበትም።

ጓደኛዬ ሲሰማ አልጮኸም። «ቁጥሩን ስንት ብለህ ጻፍክበት?» ብቻ አለኝ።

ምንም አልጻፍኩም። ቁጥሩ ራሱ አብሮ ታትሟል። አሁን ዓለም ላይ ሁለት «3/20» አለ። ሥራ ላይ አንድ መለያ ቁጥር ለሁለት ደንበኛ ተሰጥቶ ባገኝ ከእንቅልፌ ተነስቼ የማስተካክለው ስህተት ነው። እዚህ ግን በራሴ እጅ ሠራሁት።

ማታ ስለዚህ ነገር ማንበብ ጀመርኩና ፓርኬት ላይ ደረስኩ። እ.ኤ.አ. በ1984 ዙሪክ ላይ የተጀመረ፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ይታተም የነበረ የዘመኑ ሥነ ጥበብ መጽሔት ነው። ስለ ሠዓሊዎች መጻፍ ብቻ አልበቃውም፤ የሚጋብዛቸው ሠዓሊዎች ከመጽሔቱ ጋር አብረው ይሠሩ ነበር፣ ለአንባቢም በተወሰነ ቁጥር የሚሸጥ ሥራ ያዘጋጁ ነበር። የመጀመሪያው ተጋባዥ ጣሊያናዊው ኤንዞ ኩኪ ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምህረቱም በ2006፣ በቁጥር 76 ገብታለች። መጽሔቱ በ2017 አበቃ።

ዓይኔን የያዘው ግን የሜሬት ኦፐንሃይም ጓንት ነው። በ1985 ለቁጥር 4 የሠራችው ነው፦ ከለስላሳ የፍየል ቆዳ የተሰፋ፣ ጀርባው ላይ የእጅ ደም ሥር በቀይ የታተመበት። ብታጠልቀው ከቆዳህ ሥር ያለው ውጭ ወጥቶ ይታያል። 150 ጥንድ ለሽያጭ ተሠራ። እሷም በዚያው ዓመት አረፈች።

መጀመሪያ የታየኝ «ለምን 150 ብቻ?» የሚለው ነው። ዋጋ ለማስወደድ ነዋ! አዎ፣ እሱም አለበት፤ መካድ አይቻልም። ግን አንድ ብቻ የሆነ ሥዕል አንድ ሰው ቤት ገብቶ ይቀራል። ጓንቱ 150 ሰው ጋ ደርሷል። እኔ ማለቂያ ከሌለው ኮፒ ተነስቼ ወደ ታች ስቆጥር ሃያ ስስት መሰለኝ። ጓደኛዬ የሚቆጥረው ከአንድ ወደ ላይ ነው፤ ለእሱ ሃያ ልግስና ነው። እንጨቱ እኮ ሃያ አንደኛውንም ማተም ይችላል። የሚያቆመው እንጨቱ አይደለም፣ ለሃያው ሰው የሰጠው ቃል ነው። እኔ ያንን ቃል ነው ያላየሁት።

ባልደረባዬን እያፈርኩ ነገርኳትና ኮፒውን መለሰችልኝ። ለጓደኛዬ ወሰድኩለት። ላጲስ አንስቶ ቁጥሩን ፈተገው። አልጠፋም፤ የፕሪንተር ቀለም ነው።

ሳቀ። «11 ገና አልተሸጠም፤ ለእሷ ስጣት» አለኝ። «ሂሳቡ ግን ያንተ ነው።»

ከፈልኩ።