«ሰዓትዎ ወደኋላ ቀርቷል»

ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሽሮ ሜዳ አካባቢ ለሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። ሰላምታው በቅጡ ሳያልቅ «አሞሃል እንዴ?» አሉ።

መምህሩ ደህና ናቸው። ወንድማቸው ግን በኢሜይል የደረሳቸውን መልእክት አነበቡላቸው። «ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? ሆስፒታል ገብቻለሁ። ዛሬውኑ 1,500 ዶላር ብትልክልኝ በሚቀጥለው ሳምንት እመልስልሃለሁ። ለማንም እንዳትናገር።» መልእክቱ የመጣው ከመምህሩ ከራሳቸው አድራሻ ነው። ያውም ሁለቱ ቀደም ሲል ከተጻጻፉት ደብዳቤ ሥር ተቀጥሎ። ወንድምየው ገንዘቡን ሊልኩ ከቤት ሊወጡ ሲሉ አንድ ነገር ከነከናቸው። «አንተ ዕድሜህን ሙሉ ወንድም ጋሼ እያልክ በአንቱታ ነው የምታናግረኝ። ‹እንዴት ነህ› ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ወንድምየው በአንቱታ ምክንያት ተረፉ። ዱባይ የሚሠራ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ግን አልተረፈም። መምህር ተማሪውን «አንተ» ቢለው ምን ይገርማል? ተማሪው መልእክቱን አምኖ፣ ያለውን ሰብስቦ ልኳል።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው።

የመምህሩ ኮምፒውተር በ2004 ዓ.ም. የተገዛ፣ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ዴስክቶፕ ነው። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ውስጥ፣ መብራት ሲጠፋም ቀንና ሰዓት እንዳይረሳ የሚያደርግ ሳንቲም የሚመስል ክብ ባትሪ አለ። የመምህሩ ኮምፒውተር ባትሪ ካለቀ ቆይቷል። ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳና ወደ ተሠራበት ዘመን ይመለሳል። መምህሩም ሁልጊዜ ራሳቸው ያስተካክሉታል። በዚያን ቀንም እንደ ልማዳቸው ስድስት ሰዓት ጨምረው ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ልክ አደረጉት። ወሩንም ኖቬምበር አሉ። ዓመቱ ላይ ግን እጃቸው አመለጣቸውና 2018 ብለው ጻፉ።

ክሮምን ሲከፍቱ ኢሜይሉም ዜናውም እምቢ አላቸው። በእንግሊዝኛ የወጣው ጽሑፍ «ሰዓትዎ ወደኋላ ቀርቷል» ይላል። የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ አንድ ደቂቃ እንኳን አልተዛነፈም። ከሥር የተጻፈውን ቀን አዩ፤ ኖቬምበር 2018። «ታዲያ 2018 አይደለም እንዴ?» አሉ። የተሳሳተው ብሮውዘሩ መሰላቸው።

ብሮውዘሩ ግን ልክ ነበር። ብሮውዘር አንድን ድረ ገጽ ሲከፍት መጀመሪያ መታወቂያ ይጠይቃል። ሰርተፊኬት የሚባለው ይህ መታወቂያ እንደ ማንኛውም መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ዕድሜውም አጭር ነው፤ አንዳንዱ 90 ቀን፣ ረጅሙም እ.ኤ.አ. በ2025 ከአንድ ዓመት ትንሽ ይበልጥ ነበር። ራሱን እ.ኤ.አ. 2018 ላይ ያለ ለሚመስለው ኮምፒውተር፣ በ2025 የተሰጠ መታወቂያ ገና ያልተወለደ ሰው ፓስፖርት ነው። በሩን መዝጋቱ ሥራው ነው።

ክሮም አላሳልፍ ሲላቸው መምህሩ ለዓመታት ያልነኩትን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር፣ ያንን ሰማያዊ «ኢ»፣ ከፈቱ። ይህ ብሮውዘር ዊንዶውስ 7 ላይ ለተራ ተጠቃሚ የሚሰጠው የደኅንነት ጥገና ከራሱ ከዊንዶውስ 7 ጋር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 አብቅቷል። እሱም ቢሆን አስጠንቅቋቸዋል፤ ግን «ባይመከርም ቀጥል» የሚል ማለፊያ አበጅቶላቸዋል። አለፉ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የክሮም ምልክት ያለበት መስኮት ከፊታቸው ድቅን አለ። «ብሮውዘርዎ አርጅቷል። ለመቀጠል አሁኑኑ አፕዴት ያድርጉ» ይላል። ቀኑን ሙሉ ላስቸገራቸው ነገር መልስ ያገኙ መሰላቸው። ተጫኑት፤ አወረዱት፤ ከፈቱት።

ከዚያ በኋላ ምንም የታየ ነገር የለም። ኮምፒውተሩ አልጠፋም፤ ጩኸት የለም፤ ፋይል አልተቆለፈም። እንዲህ ዓይነቱ ቫይረስ ሥራው በዝምታ ነው። ብሮውዘሩ «ላስታውስልዎ?» እያለ ያስቀመጣቸውን ፓስወርዶች በሙሉ፣ ገብተው የተዉትን የኢሜይል በር ቁልፍ ጭምር ገልብጦ ለላኪው ያደርሳል። ይህን ለማድረግ ደቂቃዎች ይበቁታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ሌባው ለመምህሩ የነገራቸው እውነት መሆኑ ነው። ብሮውዘራቸው በእርግጥ አርጅቷል። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 የወጣው 109ኛው ነው። በቀጣዩ ወር የወጣው 110ኛው ቢያንስ ዊንዶውስ 10 ይፈልጋል። ስለዚህ የመምህሩ ክሮም ለሦስት ዓመት ያህል አንድም ጥገና ሳያገኝ ኖሯል። «አፕዴት አድርጉ» የሚለው ምክር ለብቻው ሰውን የማያድነው ለዚህ ነው። መምህሩ የተሰረቁት አፕዴት ለማድረግ እሺ ባሉበት ሰዓት ነው። ምክሩ ትክክል፣ መካሪው ግን ሌባ ነበር።

በማግስቱ የጎረቤታቸው ልጅ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ያጠናች ወጣት መጣች። መጀመሪያ የጠየቀችው ይህንኑ ነው።

«ጋሼ፣ ከየት ነው ያወረዱት?»

«ራሱ መጣ እኮ ልጄ።»

«ራሱ ከመጣ አይንኩት።»

እውነተኛ አፕዴት በሚያነቡት ድረ ገጽ መሐል ድንገት ዘሎ አይወጣም። ከብሮውዘሩ ከራሱ ሜኑ ውስጥ ነው የሚገኘው። ክሮም ላይ ከላይ በስተቀኝ ያሉት ሦስት ነጥቦች፣ ፋየርፎክስ ላይ ሦስት መስመሮች አሉ። እነሱን ተጭኖ «ሄልፕ»፣ ከዚያ «አባውት» የሚለውን ሲከፍቱ ብሮውዘሩ ስንተኛ ስሪት እንደሆነ ይናገራል፤ አዲስ ካለም ራሱ ያወርዳል። እዚያ ካልተገኘ ደግሞ የሠሪውን ድረ ገጽ አድራሻ በገዛ እጅ ጽፎ መሄድ ነው። ፍለጋ ላይ ከላይ የሚመጣው ማስታወቂያም፣ ጓደኛ በፍላሽ የሰጠው ፋይልም፣ ቴሌግራም ላይ የተለጠፈውም የሠሪውን ቦታ አይተኩም።

ልጅቷ ግን በቀጥታ ወደ ብሮውዘሩ አልሄደችም። ሌባ የገባበት ቤት ውስጥ አዲስ ቁልፍ ቢያስቀምጡት ሌባው ቁልፉንም ይወስደዋል። በመጀመሪያ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለች። ከዚያ በመምህሩ ስልክ የኢሜይላቸውን ፓስወርድ ቀየሩ፤ ተከፍቶ ከቆየበት መሣሪያ ሁሉ እንዲወጣ አደረጉ፤ በሁለት ደረጃ የሚገባበትን ማረጋገጫም አበሩ። ቀጥሎ የባንኩን። ኢሜይሉ የሚቀድመው የሌላው ሁሉ ፓስወርድ «ረሳሁት» ሲባል የሚላክበት ቦታ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ንብረት ማውጣት ነበር። እዚህ ላይ መምህሩ ተጨነቁ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ለ13 ዓመት የጻፉት የትውልድ አካባቢያቸው ታሪክ አለ፤ የተጻፈውም ዩኒኮድ ባልሆነ የቆየ የግዕዝ ፎንት ነው። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት አማርኛው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ይሆናል። እስከዛሬ ኮምፒውተሩን ለማሳደስ እምቢ ያሉትም በዚህ ፍርሃት ነው። ብዙ ሰው «ሰነፍ ነው፣ ቴክኖሎጂ አይገባውም» ሲባል በልቡ ያለው እንዲህ ዓይነት ፍርሃት ነው፤ የሚጠፋበትን ነገር ያውቃል። ልጅቷ ጽሑፉን ከነፎንቱ ገለበጠች፤ በፒዲኤፍም አስቀመጠችው። ፕሮግራም የሆነ ፋይል አንድም አልገለበጠችም፤ ሰነድና ፎቶ ብቻ። ከዚያ የገለበጠችውን በሌላ ኮምፒውተር በጸረ ቫይረስ አስፈትሻ አንድ በአንድ ከፍታ አሳየቻቸው። ኮፒ ተደርጓል ማለት ተርፏል ማለት አይደለም፤ ተከፍቶ መታየት አለበት።

ሦስተኛው ባትሪው ነው። ሲአር 2032 የሚባለው፣ በየሰዓት ሠሪው ሱቅ የሚገኘው ክብ ባትሪ። ተቀየረ። ዓመቱ 2025 ተባለ፤ የሰዓት ቀጠናውም «ናይሮቢ» ከሚለው ጋር ተስተካከለ። ዊንዶውስ አዲስ አበባን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው።

ከዚያ ወደ ዋናው ጥያቄ ተመጣ። ዊንዶውስ 7ን ይዞ ብሮውዘሩን ብቻ ማደስ ይቻላል? ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 የወጣውንና ለቆዩ ዊንዶውሶች የመጨረሻ የሆነውን 115ኛ ስሪቱን ለተወሰነ ጊዜ ሲጠግን ቆይቷል፤ ያ ግን መሻገሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም። ዊንዶውስ 10ም ቢሆን መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመዘገብ ሰው የሚያገኘው የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ እንዲህ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንዲጫን አልተሠራም። ቀሪው መንገድ ሊኑክስ ሚንት ሆነ። ነጻ ነው፤ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ይበቃዋል፤ አዲስ ፋየርፎክስም አብሮት ይመጣል። አማርኛም «ሰላም» የሚለውን በድምፁ በላቲን ፊደል እየመቱ መጻፍ ይቻላል።

ልጅቷ ፋይሉን በፍላሽ ይዛ ነው የመጣችው። መምህሩ ትምህርቱ ገብቷቸው ኖሮ ጠየቁ። «አንቺስ ከየት አወረድሽው?» ሳቀችና አሳየቻቸው። የሊኑክስ ሚንት ሠሪዎች ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር እንደ ጣት አሻራ የሚያገለግል ረጅም ቁጥር ያወጣሉ። በወረደው ፋይል ውስጥ አንዲት ፊደል ብትነካ ቁጥሩ ይለወጣል። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ፤ አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ ነው አሮጌው ሁሉ ጠፍቶ አዲሱ የተጫነው።

እዚህ ላይ «ሽማግሌው ባይነኩት ኖሮ» የሚል ሰው አይጠፋም። ጣት ለመቀሰር ይቀላል። ግን ያ ኮምፒውተር እንዴት ወደዚያ ቤት እንደገባ ማየት ያስፈልጋል። ሲገዛ የተጫነበት ዊንዶውስ ክራክ ነው። ጫኙ «ዳታ ይበላል፣ ክራኩንም ያበላሻል» ብሎ አፕዴቱን ዘግቶ ነው የሰጣቸው። ይህን የሚያደርጉ ኮምፒውተር ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ደንበኛውም በጥቅል ኢንተርኔት የሚኖር ነውና አመስግኖ ይወስዳል። አፕዴት ማለት ቅንጦት፣ የጥቅል ሌባ ተደርጎ ነው የተነገረን።

በሌላ በኩል ኑሮው ወደ ስክሪን እየገባ ነው። ቴሌብር ሥራ ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2021 ወዲህ ብዙ ክፍያ ወደ ስልክ ሄዷል፤ ፋይዳ መታወቂያ መጥቷል፤ ፓስፖርት በኦንላይን ይጠየቃል። ዜጋውን ወደ ኢንተርኔት የሚጠራ መሥሪያ ቤት «ብሮውዘርዎን ያድሱ» ብሎ በእንግሊዝኛ ከመዝጋት የበለጠ ኃላፊነት አለበት። ከየት እንደሚታደስ፣ ከየት ደግሞ እንደማይታደስ በአማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎች ሦስት መስመር መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል? ያ ባዶ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ሌባው በትልቅ ቁልፍ ይሞላዋል።

«እኔ ደሃ ነኝ፣ ምን ይወስዱብኛል?» የሚለውም መልስ አይሆንም። ከመምህሩ አካውንት አንድ ብር አልተወሰደም። የተወሰደው ስማቸው ነው። ግማሹ ቤተሰብ ሜሪላንድ፣ ግማሹ ዱባይና ሪያድ በሆነበት አገር፣ ብዙ ቤት የሚቆመው «ቸግሮኛል» የሚል መልእክት ሲመጣ ሳይጠየቅ ስለሚታመን ነው። ያ እምነት አንዴ ከተሰበረ በሚቀጥለው ጊዜ በእውነት ሆስፒታል የገባ ሰው «አንተ ነህ? ሌባ ነህ?» ተብሎ ይመረመራል።

መምህሩ ዱባይ ላለው ተማሪያቸው ደውለው ከጡረታቸው እየቆጠቡ እንደሚከፍሉት ነገሩት። «ቲቸር፣ እርስዎ ካልሆኑ ይብቃኝ፤ ታመዋል ብዬ ነው ያለቀስኩት» አላቸው። ገንዘቡን እምቢ አለ። እሳቸው ግን አሁንም ዕዳ አለብኝ ይላሉ።

ዛሬ ማታ የወላጆችዎን ኮምፒውተር ይክፈቱ። ሜኑው ውስጥ ገብተው የብሮውዘሩን ስሪት ይዩ፤ መቼ እንደታደሰ ይጠይቁ። ከመዝጋትዎ በፊት ከታች በስተቀኝ ያለውን ቀን ያንብቡ። ዓመቱንም ጭምር።