«ለእግዚአብሔር ብለህ ማረው» ከማለታችን በፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን የማታ ጉባኤ ላይ አንዲት እኅት በጽሑፍ ያቀረበችው ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆኗል። «አንድ ክርስቲያን በባጃጅ ወይም በመኪና ተገጭቶ ቢጎዳ፥ ካሳ መጠየቁ ይቅርታውን ያፈርስበታልን?» የሚል ነበር። ሰዓቱ ስለመሸ ጥያቄው በሁለት ዓረፍተ ነገር ተመልሶ አለፈ። ንፋስ መውጫ ለሚኖር ሰው ግን እንዲያ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ከተማችንን አቋርጦ ያልፋል። በዚህ አንድ አስፋልት ላይ የጭነት መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ድንች የተጫነች አህያና ነጠላውን ተከናንቦ ለኪዳን የሚገሠግሠው ምእመን ይጋፋሉ። ጉሙ በወረደ ማለዳ ደግሞ አንዱ ሌላውን የሚያየው አጠገቡ ሲደርስ ነው። ሰው ሲገጭ ሕዝቡ ፈጥኖ ይሰበሰባል፤ ይህ በረከት ነው። ከተሰበሰበው መካከልም ወዲያው ሽማግሌ ይገኛል፤ የወደቀው ሰው ከመሬት ሳይነሣ «ለእግዚአብሔር ብለህ ማረው» ይባላል።

ስለዚህ ነገር የምናገረው ደርሶብኝ ነው። ባለፈው ዓመት በዘመነ ጽጌ፥ ዩኒቨርሲቲው ገና ስላልጠራን ቤተሰቦቼ ዘንድ ነበርሁ። ሌሊቱን በማኅሌት አድረን፥ ቅዳሴው ካበቃ በኋላ በአስፋልቱ ዳር ስሄድ ከኋላዬ የመጣ ባጃጅ ገጨኝ፤ የግራ እግሬ ቅልጥም ተሰበረ። አሽከርካሪው አልሸሸም። ሰዎች አግዘውት በራሱ ባጃጅ ላይ ጫነኝና እያለቀሰ ወደ ሕክምና ወሰደኝ። የአጥቢያችን ልጅ ነው፤ ከአንድ ጽዋ የምንቀበል።

ገና ራጅ ሳልነሣ አራት ሽማግሎች በአልጋዬ ዙሪያ ቆመው ነበር። ሁሉም የማከብራቸው አባቶች ናቸው፤ አንደኛው ልጅ ሳለሁ ዳዊት ያስደገሙኝ የኔታ ናቸው። «ልጄ ዲያቆን፥ አንተ የእግዚአብሔር አገልጋይ ነህ፤ ልጁም የድኻ ልጅ ነው። ለእመቤታችን ብለህ ማረው፤ ነገሩም ፖሊስ ዘንድ አይድረስ» አሉኝ። ልጁን ይቅር ማለት አልከበደኝም፤ እጁን ይዤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልሁት። የከበደኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። «ጉዳት አልደረሰብኝም፥ ክስም የለኝም» የሚል ወረቀት እንድፈርም ተጠየቅሁ። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ጉዳት አልደረሰብኝም ብሎ ቢፈርም ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል። አልፈርምም አልሁ። አባቴ ገበሬ ነው፥ ብዙ አይናገርም፤ ያን ዕለት ግን ለሽማግሎቹ «ልጄ ይቅር ብሏል፤ እግሩ ግን ገና ይቅር አላለም» አላቸው።

ትራፊክ ፖሊስ መዘገበው፤ ልጁም ቃሉን ሰጥቶ በዋስ ወጣ። ባጃጁ የሦስተኛ ወገን መድን ነበረው። እኔ ደብረ ታቦር ድረስ ተመላልሼ ታከምሁ፥ የአንድ ሴሚስተር ትምህርትም አመለጠኝ። በከተማው ግን «ዲያቆኑ ድኻ አሳሰረ» ተባለ። ይህን የሚሉ ሰዎች ከእኔ በፊት በዚያው መንገድ የሆነውን አስታውሰው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ባላሉ ነበር።

በጉልት ድንች ትሸጥ የነበረች አንዲት እናት አውቃለሁ። ባጃጅ ገጭቷት ስትወድቅ በዚያው ቦታ «ማሪው» ተባለች፥ እርሷም ማረችው፤ እንዲያውም የደነገጠውን ልጅ ያጽናናችው እርሷ ነበረች። በማግሥቱ ከመኝታዋ መነሣት አልቻለችም። ወጌሻ አሿት፤ ሳይሻላት ቀረ። ሦስት ሳምንት አልፎ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ዳሌዋ መሰበሩ ታወቀ። ያን ጊዜ ባጃጁ ከከተማው ወጥቷል፥ ሰሌዳውን የያዘ ሰው የለም፥ በፖሊስ መዝገብም አንዲት መስመር አልተጻፈችም። ዛሬ በምርኩዝ ትሄዳለች። ጉልቱን ለልጇ ለቀቀች፤ ልጅቱም ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋረጠች። ካስታረቋት ሰዎች አንዱም ለመድኃኒት መግዣ አልሰጠም። ክፉዎች ሆነው አይመስለኝም፤ ነገሩ በዕርቅ አልቋል ብለው ነው።

አባቶች ለምን እንደሚቸኩሉ እናውቃለን። በእኛ አገር ደም የሚያቃባ ነገር ካደረ ቂም ይሆናል፥ ቂሙም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ብዙ ቤት ከጥፋት የተረፈው ሽማግሌ ፈጥኖ ስለደረሰ ነው። ስለዚህ ሽምግልናውን የምነቅፍ አይምሰላችሁ። የምለው ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል ነው።

ኦሪቱን እንመልከት። በዘጸአት 21፥18-19 የተመታ ሰው አልጋ ይዞ ቆይቶ በምርኩዙ መሄድ ቢጀምር የመታው ሰው ከሞት ፍርድ እንደሚድን ተጽፏል። ታሪኩ ግን በዚያ አያበቃም፤ ተመቺው ሥራ ፈትቶ የቆየበትን ዋጋና እስኪድን ያለውን ሕክምና መቺው እንዲሸፍን ታዝዟል። በሕጉ ዘንድ ከቅጣት መዳንና ከዕዳ መዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጉልቷ እናት ልጁን ከቅጣት አዳነችው፤ እኛ ግን ዕዳውንም ወስደን በእርሷ ላይ ጫንነው።

ስለ ደጉ ሳምራዊም (ሉቃ. 10፥30-37) ብዙ ጊዜ ሰብከናል። ሳምራዊው ጌታችን፥ የእንግዳ ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፥ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ መሆናቸውን ከመምህራን ሰምተናል። ምሥጢሩን ስናመሰጥር ታሪኩን ባንረሳው መልካም ነው። ሳምራዊው የወደቀውን ሰው ሲያገኝ ከወንበዴዎቹ ጋር ላስታርቅህ አላለውም። ዘይትና ወይን አፈሰሰለት፥ ቁስሉን አሰረለት፥ በገዛ አህያው ጫነው፥ ሂሳቡን ከፈለ፥ ለሚጎድለውም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ።

ለሽማግሎቻችን ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን ወደ ፊልሞና የተጻፈችው አጭር መልእክት ትመስለኛለች። ቅዱስ ጳውሎስ በዚያች መልእክት ላይ ራሱን ሽማግሌ ብሎ ይጠራል፤ ሥራውም የሽማግሌ ሥራ ነው። አናሲሞስ ጌታውን በድሎ የሄደ አገልጋይ ነው፥ ጳውሎስም ፊልሞና እንዲቀበለው ይለምንለታል። ሲለምን ግን በደል አልደረሰብህም አላለውም፥ ዕዳህን ተወውም አላለውም። ያጎደለብህ ነገር ካለ በእኔ ስም ቍጠረው፥ እኔ እከፍላለሁ አለ፤ ይህንንም በገዛ እጁ ጻፈ (ፊልሞ. 18-19)። ጳውሎስ በዚያን ጊዜ እስረኛ ነበር፤ ባለጠጋ አልነበረም። በአልጋዬ ዙሪያ ከቆሙት አራት አባቶች አንዱ «የራጁን እኔ እችላለሁ» ቢሉ ኖሮ፥ ከዚያ በኋላ የሚሉኝን ሁሉ ለመስማት እንዴት በቀለለኝ ነበር!

«ወንድም ወንድሙን ይከስሳልን?» የሚለው የ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 ቃል ይነሣብን ይሆናል። ሐዋርያው በዚያ የገሠጻቸው እርስ በርሳቸው እየተበዳደሉና እየተቀማሙ በማያምኑ ፊት የሚካሰሱትን ነው። እርሱ ራሱ ሊገርፉት ሲያስሩት በሮማዊ ዜግነቱ መብቱን ጠይቋል (ሐዋ. 22፥25)፥ ፍርድ ሲዛባበትም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25፥11)። አባቶቻችንም ፍትሐ ነገሥትን በ51 አንቀጽ አድርገው ሲይዙ 22ቱን ለመንፈሳዊው፥ 29ኙን ለሥጋዊው ሥርዓት መድበው በአንድ መጽሐፍ አኑረዋል። ይህም ምእመን ስለ ዕዳና ስለ ጉዳት በሕግ መጠየቁን ከሃይማኖት መውጣት አድርገው አለመቍጠራቸውን ያሳያል።

የዛሬው የሀገራችን ሕግ ደግሞ ነገሩን እጅግ አቅልሎታል፤ ብዙዎቻችን አለማወቃችን ያሳዝናል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ባለሞተር ተሽከርካሪ ያለ መድን በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ይከለክላል፤ በመስተዋቱ ላይ የሚለጠፈውም ምልክት የዚህ ማረጋገጫ ነው። የተገጨ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። ገጪው ሸሽቶ ባይታወቅ ወይም መድን ባይኖረው እንኳ ለዚህ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳት የተወሰነው ካሳ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ነበር፤ አሁን ያለውን ልክ ከመድን ሰጪው መጠየቅ ይገባል። ከዚህ ሌላ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪው ባለቤት፥ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፥ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የካሳ ጥያቄውም በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል (ቁጥር 2143)። እንግዲህ ካሳ የሚጠይቅ ሰው በአብዛኛው የሚጠይቀው ለዚሁ ቀን ገንዘብ ሲሰበስብ የኖረውን መድን ሰጪ ነው እንጂ የድኻውን ልጅ ኪስ አይደለም። መዝገብ ከሌለ ግን ያ መንገድ ይዘጋል። «ፖሊስ ዘንድ አይድረስ» ማለት ለልጁ ማዘን ይመስለናል፤ በተግባር ግን መድን ሊከፍለው የሚችለውን ዕዳ በልጁና በተጎጂው ላይ መጣል ነው።

እንግዲህ ሰው ተገጭቶ ብናገኝ መጀመሪያ ሕይወቱን እናስብ። በጥድፊያ በክንዱና በእግሩ ይዘን አንጎትተው፤ አንገቱንና ጀርባውን ደግፈን ብዙ ሆነን እናንሣው። ራሱን የተመታ ሰው ተነሥቶ ቢሄድም፥ ካስታወከው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ ይድረስ። ከመካከላችን አንዱ የሰሌዳ ቁጥሩን በስልኩ ፎቶ ያንሣ። በአዲስ አበባ በራይድ ወይም በፈረስ የተሳፈረ ሰው የአሽከርካሪው ስምና ሰሌዳ በስልኩ ላይ ይቀርለታል፤ የእኛን ባጃጅ ግን ካየው ሰው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ትራፊክ ፖሊስ ይጠራ፥ የሐኪም ማስረጃውና የመድኃኒቱ ደረሰኝ ይቀመጥ። ስለ ወጌሻም ልናገር፤ እጃቸው የተባረከ እንዳሉ አውቃለሁ፥ ነገር ግን የተሰበረ እግር በጥብቅ ታስሮ ደም ሳይደርሰው ቀርቶ የተቆረጠባቸው ሰዎች በሀገራችን ጥቂት አይደሉም። ራጁ ይቅደም። እኛ ትሑታን ነን ብለን ደግሞ «ደኅና ነኝ፥ ምንም አልሆንሁም» ማለት እንወዳለን። ሳይታዩ ደኅና ነኝ ማለት ትሕትና አይደለም።

ለምታሽከረክሩ ወንድሞቻችንም ቃል አለኝ። ገጭቶ መሸሽ ሁለተኛ በደል ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአደጋ ላይ ያለን ሰው አለመርዳትን ያስቀጣል፥ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ከሆነም ያከብድበታል። የተቆጣ ሕዝብ ያጠቃኛል ብላችሁ የምትፈሩበት ጊዜ እንዳለ እረዳለሁ። ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው በኦሪት የሚሸሽባቸው የመማፀኛ ከተሞች ነበሩ (ዘኍ. 35)፤ ሰውየው ወደዚያ የሚሮጠው ግን በማኅበሩ ፊት ቆሞ እስኪፈረድ ድረስ ከደም ተበቃዩ ለመዳን ነው እንጂ ከፍርድ ለመሰወር አልነበረም። የዛሬው መማፀኛ ፖሊስ ጣቢያው ነው። ዕለታዊ ገቢ እየተቀበላችሁ ባጃጅ የምታሠሩ ባለንብረቶችም ዘጸአት 21፥29ን አንብቡ። በሬው ተዋጊ እንደሆነ ተነግሮት ያላሰረ ባለቤት ከበሬው ጋር ይጠየቃል። ፍሬኑ እንደማይዝ፥ መብራቱ እንደጠፋ አሽከርካሪው ሲነግራችሁ «ለዛሬ ሥራበት» የምትሉ፥ መንጃ ፈቃድ ለሌለው ልጅም ቁልፍ የምትሰጡ፥ ነገሩ እናንተን ይመለከታል።

በመጨረሻ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን የበጎ አድራጎት ክፍል የማቀርበው አሳብ አለኝ። በየወሩ ከምናዋጣው ላይ ጥቂቱ ተለይቶ ለተገጨ ሰው የራጅና እስከ ደብረ ታቦር የመጓጓዣ ወጪ ይቀመጥ። ከእኛም ሁለት ሰው ተመርጠው ለማያነብ ተጎጂ ማመልከቻ ይጻፉለት፥ መድን ሰጪው ዘንድም አብረውት ይመላለሱ። ሽማግሎች አባቶቻችንም «ማረው» ሊሉ ሲመጡ ከዚያች ሣጥን ይዘው ይምጡ። የጉልቷ እናት ልጅ በመስከረም ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ ለደብተርና ለልብስ የሚያስፈልገውን አሁኑኑ መጠየቅ ይቻላል፤ ቤታቸውን የማያውቅ ካለ እኔ አሳየዋለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።