የቁርጥማት እጅና የቦንጋ ቁልቁለት

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የጎጀብን ወንዝ በተሻገረ ጊዜ ከካፋ ምድር ይገባል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ አንድ ጊዜ ዳገት አንድ ጊዜ ቁልቁለት እየሆነ፥ በደንና በእንሰት መካከል አልፎ ቦንጋ ከተማ ያደርሳል። የአገሩ ደን እጅግ የከበረ ስለ ሆነ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን ሁሉ ልምላሜ የሚመግበው ግን ብዙ ዝናብ ነውና፥ ማለዳው እርጥብ ነው።

እኔም የጣቶቼ አንጓዎች በቁርጥማት ከተያዙ ወዲህ ቢስክሌት መንዳት ትቼ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለውን አገር በመኪና መስኮት ብቻ አይቶ መመለስ ስላሳዘነኝ፥ ከአንድ ወዳጄ ቢስክሌት ተውሼ ወጣሁ። ዳገቱን በደኅና ወጣሁት፤ ዳገት የእግር ሥራ ነውና። ቁልቁለቱ በጀመረ ጊዜ ግን ፍሬኑን ልጨብጥ ብል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። እግሬን በመሬት ላይ እየጎተትሁ ከመንገዱ ዳር ካለው ሣር ገብቼ በጭንቅ ቆምሁ፤ ቢስክሌቱንም እየገፋሁ ወደ ከተማ ተመለስሁ።

ቢስክሌት የሚያድስ አንድ ጎልማሳ ነገሩን ሰምቶ አልሣቀብኝም። «አባቴ፥ እጅዎን ከማስገደድ ቢስክሌቱን ማስገደድ ይሻላል» አለኝ።

በመጀመሪያ የዛገውን የፍሬን ካቦ ከነሽፋኑ አውጥቶ አዲስ አገባ፤ ካቦ የዛገ እንደ ሆነ የጣት ኃይል በመንገድ ይቀራልና። በፍሬኑ እጀታ ላይ ያለችውንም ትንሽ ብሎን አዙሮ፥ ጣት ሳይንጠራራ ይደርስ ዘንድ እጀታውን ወደ መሪው አቀረበው። ሁለተኛ፥ መሪውን ከፍ አድርጎ ወደ ደረቴ አስጠጋው፤ ወደ ፊት አዘንብሎ የነበረውንም ኮርቻ አቀና፤ ኮርቻው ባዘነበለ መጠን የሰውነት ክብደት በመዳፍ ላይ ይወድቃልና። ሦስተኛ፥ ቀጭኑን የመሪ መያዣ በአሮጌ ካላማዳሪያ ደጋግሞ ጠቅልሎ አወፈረው፤ ወፍራሙን ለመያዝ ጣት አጥብቆ መታጠፍ አያሻውም። በመጨረሻም የመንገዱ መንቀጥቀጥ እንዲቀንስ ከጎማው ጥቂት ነፋስ አስተነፈሰ።

ደግሞም ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚያቆም ባለ አንድ ማርሽ ቢስክሌት እንዳለ ነገረኝ። ይህ የእጅን ሥራ ለእግር ያስረክባል፤ ሆኖም በረጅም ቁልቁለት ስለሚግል፥ የፊቱ የእጅ ፍሬን ከእርሱ ጋር ሊኖር ይገባል።

በማግሥቱ ፀሐይ እስክትሞቅ ቆየሁ፤ የቁርጥማት እጅ በማለዳ ይተሳሰራልና። በደልዳላው ስፍራ ፍሬኑን ደጋግሜ ከሞከርሁት በኋላ በዚያው ቁልቁለት ቀስ ብዬ ወረድሁ፤ በፈለግሁበትም ቆምሁ። በቆምሁ ቁጥር በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለውን ቡና፥ በቅርንጫፍ ላይ የተሰቀሉትንም የንብ ቀፎዎች አየሁ። በፊተኛው ቀን ያየሁት መንገዱን ብቻ ነበር።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ በቤታችሁ ቢስክሌቱን ከግድግዳ አስደግፎ የተወ አረጋዊ ቢኖር፥ «ዕድሜዎ አልፏል» ከማለታችሁ በፊት ካቦውንና መሪውን፥ ኮርቻውንም መርምሩለት። አንጓው አብጦ የሚያተኩስ እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው፤ ቢስክሌቱ እስኪሻለው ይቆይ።