በስም ሳጥን ውስጥ የገባች ነጥብ፦ የደንበኛ መዝገብ ገጽን ስለ ማበጀት

የድኅረ ምረቃ ትምህርቴን ከመጀመሬ አስቀድሞ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በመረጃ ሥርዓት ባለሙያነት ሠርቻለሁ። ድርጅቱ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ መብራቶችን ለገጠር ነዋሪዎች በየወሩ በሚከፈል ክፍያ ይሸጥ ነበር። የወሩን ክፍያ ያልፈጸመ ደንበኛ መብራቱ ከማዕከል ይዘጋል፤ ሲከፍል ይከፈትለታል። ደንበኞቹ የሚመዘገቡበትን የደንበኞች ግንኙነት አስተዳደር ሶፍትዌር፣ በተለምዶ ሲአርኤም የሚባለውን፣ ለድርጅቱ ሥራ እንዲስማማ አድርጎ የማበጀት ኃላፊነት የእኔ ነበር። በዚህ አጭር ጽሑፍ የራሴን አንድ ስሕተት መነሻ በማድረግ፣ የመዝገብ ገጽ አቀማመጥ የመልክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመረጃው እውነተኛነት ጉዳይ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

በእንዲህ ያለ ሶፍትዌር እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ መዝገብ አለው፤ መዝገቡም ስም፣ ስልክ፣ አድራሻና የመሳሰሉት የሚሞሉባቸው ሳጥኖች ስብስብ ነው። የሥርዓቱ አስተዳዳሪ አንድም የፕሮግራም መስመር ሳይጽፍ የትኛው ሳጥን በገጹ ላይ እንደሚታይ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ሳይሞላ መዝገቡ እንደማይቀመጥ መወሰን ይችላል። ብዙውን ጊዜ መረጃ የሚሞላበት ገጽ፣ ዝርዝሩ የሚነበብበት ገጽና ደንበኞች በተርታ የሚታዩበት ገጽ ለየብቻ ይበጃሉ። ሥራው በግማሽ ቀን የሚያልቅ ነው። አሳሳች የሚሆነውም በዚሁ ቅለቱ ነው።

የመጀመሪያው ችግር የገጠመኝ በስም ላይ ነው። ሶፍትዌሩ የግል ስምና የቤተሰብ ስም የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ነበሩት፤ አስገዳጁም ሁለተኛው ነበር። ይህ የእኛ ሶፍትዌር ብቻ ጠባይ አይደለም፤ በሰፊው በሚታወቀው በሴልስፎርስም የአንድ ሰው መዝገብ ያለ ቤተሰብ ስም አይቀመጥም። ከጀርባው ያለው እሳቤ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ መጠሪያ አለ የሚል ነው። በአገራችን ግን ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባት ስም ይከተላል፤ መለየት ሲያስፈልግ የአያት ስም ይጨመራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ቢደነግግም ልማዱ በነበረበት ቀጥሏል። እኔ «የቤተሰብ ስም» የሚለውን «የአባት ስም» በሚል ተክቼ ነገሩ የተፈታ መሰለኝ። በወረቀት ቅጹ ላይ የነበረውን የአያት ስም ገጹን ያጨናንቃል ብዬ ተውኩት። የልደት ቀንን ግን አስገዳጅ አደረግሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዝርዝሩን ስመለከት በአባት ስም ሳጥን ውስጥ አንዲት ነጥብ ብቻ የገባችባቸው መዝገቦች አገኘሁ። በርካታ ደንበኞች ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን የተወለዱ ሆነው ተመዝግበዋል። በእኛ አቆጣጠር በ1975 የተወለደ ሰው ዓመቱ ሳይቀየር ስለ ገባ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አርጅቷል። ጳጉሜን 3 የተወለደ ደንበኛ ቀኑን የሚቀበልለት ቦታ እንኳ አልነበረም። ስልክ ከሚቀበሉት ሠራተኞች በዕድሜ ታላቅ የሆኑትን ሴት በቅሬታ ብጠይቃቸው፣ «ወንድሜ፣ ሰውየው ስልክ ይዞ እየጠበቀኝ ነው። የተወለደበትን ቀን አላውቅም ይለኛል፤ ማሽንህ ደግሞ ካልሞላሽ አላሳልፍሽም ይላል። ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ያም ሆኖ ገጹን በጊዜው አላስተካከልኩም።

የከፋው ቆይቶ መጣ። አንዱ ደንበኛ ሁለት ጊዜ የተመዘገበበት አጋጣሚ ብዙ ስለ ነበር ድግግሞሹን ለማጥራት ተነሣሁ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ ተብሎ የተጻፈውን አንድ ስም ኮምፒውተሩ ሦስት ስም አድርጎ ስለሚያየው፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ አድርጌ አመሳሰልኩ። ስማቸው፣ የአባታቸው ስም፣ ቀበሌያቸውና የልደት ቀናቸው አንድ የሆነ ሁለት መዝገቦችን አገኘሁና አዋሐድኳቸው። የልደት ቀኑ ያው ሳጥኑን ለመሙላት የገባው ጃንዋሪ 1 እንደ ነበር ልብ አላልኩም። ሰዎቹ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ ያልከፈለችው ዕዳ ነበረባት፤ በውሕደቱ ሁለቱም መብራቶች በአንድ ዕዳ ሥር ወደቁና ተዘጉ። ክፍያዋን በወቅቱ የምትፈጽመው ሴት ቤት ዘጠኝ ሌሊት ጨለመ። የተመዘገበው ስልክ ሌላ ከተማ የሚኖረው የልጇ በመሆኑ ማስጠንቀቂያው ለእርሷ አልደረሳትም። በመጨረሻ የክፍያ ደረሰኞቿን በመሐረብ ቋጥራ ወደ ወኪሉ ዘንድ መጣች። የወረቀት ቅጾቹ ወጥተው ሲታዩ የአያቶቻቸው ስም የተለያየ ነበር። ሁለቱን የሚለየው መረጃ ነበረን፤ ከገጹ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ገጹን እንደገና ስሠራ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በዚሁ ቅደም ተከተል እንዲገቡና በተርታው ገጽም እንዲሁ እንዲታዩ አደረግሁ። በልደት ቀን ፋንታ ዓመቱንና የተቆጠረበትን የዘመን አቆጣጠር ብቻ የሚጠይቁ ሳጥኖች አስገባሁ፤ «ደንበኛው አያውቀውም» የሚል ምርጫም ጨመርኩ፤ በግልጽ የተመዘገበ አለማወቅ ከሐሰተኛ መልስ ይሻላልና። ከስልኩ ቁጥር አጠገብ «ስልኩ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ቆመ። ዝርዝሩን ያወጣሁት ስልክ ከሚቀበሉት ሴት ጎን ሁለት ቀን ተቀምጬ ነው።

በዚሁ ሥራ ሁለት ቴክኒካዊ ልዩነቶችን ተረድቻለሁ። በአንዳንድ ሶፍትዌሮች፣ ሴልስፎርስን ጨምሮ፣ በገጹ አቀማመጥ ላይ አስገዳጅ የተደረገ ሳጥን የሚያስገድደው በዚያ ገጽ የሚሞላውን ሰው ብቻ ነው፤ በፋይል ተጭኖ የሚገባ መረጃ ሳይሞላው ያልፋል። ሁሉንም የሚያስገድደው በራሱ በሳጥኑ ላይ የሚጣል ግዴታ ነው። እንዲሁም ከገጹ የተነሣ ሳጥን ተሰወረ እንጂ አልተጠበቀም፤ በሪፖርት ሊወጣ ስለሚችል ምሥጢርነቱን የሚያስከብረው የተጠቃሚዎች ፈቃድ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ለተሰበሰበበት ዓላማ የማያስፈልግን መረጃ አለመጠየቅ የሕግ ጉዳይም ሆኗል።

ዛሬ በተመራማሪነት ስሠራ፣ ከድርጅቶች የሚገኝ የደንበኛ መረጃ ሲሰጠኝ መረጃው የተሞላበትን ገጽ አብሬ እጠይቃለሁ፦ የትኛው ሳጥን አስገዳጅ ነበር? አቀማመጡ መቼ ተለወጠ? «አላውቅም» ለማለት ቦታ ነበረን? አንድም ባዶ ቦታ የሌለበት ዓምድ መረጃው የተሟላ መሆኑን አያረጋግጥም፤ መልስ አለመስጠት የተከለከለ መሆኑን ብቻ ያሳይ ይሆናል። ባልደረቦቼም መረጃውን መተንተን ከመጀመራቸው በፊት ይህን ቢጠይቁ መልካም ነው። እኔ ሳልጠይቅ ላለፍኩት አንዲት ሴት በዘጠኝ ሌሊት ጨለማ ከፍላለች።