ዕረፍት የማይወድ ወገብ

ቱሊ ጉሌድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኜ በመጣሁበት ዓመት፥ ከጧት ሰልፍ ዘወትር የምዘገየው እኔ ነበርሁ። ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ወገቡን ለማቅናት ግማሽ ሰዓት ይታገላል ብሎ ማን ያምናል? ባልደረቦቼ ሰነፍ አሉኝ። «አዴር» እያልሁ የምጠራቸው ሽማግሌ ጎረቤቴ ግን አዝነው፥ «በጋለ ብረት እንተኩስህ» አሉኝ፤ እጅ ነሥቼ አመለጥሁ። አንድ ሐኪም ደግሞ ወር ሙሉ እንድተኛ አዘዘኝ። ተኛሁ፤ ባሰብኝ።

አዲስ አበባ ያገኘሁት ሌላ ሐኪም፥ «ስታርፍ ይሻልሃል ወይስ ስትንቀሳቀስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስንቀሳቀስ እንደሚሻለኝ፥ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይም ሕመሙ እንደሚቀሰቅሰኝ ነገርሁት። ራጅ ተነሣሁ፤ አከርካሪ ከዳሌ የሚጋጠምበት ስፍራ ተበልቶ ተገኘ። ስሙ አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይቲስ ይባላል፤ ሰውነትን የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የገዛ መጋጠሚያውን ያስቆጣል፤ ውሎ አድሮም አጥንትን ከአጥንት ሊያጣብቅ ይችላል። በ1973 እ.ኤ.አ. ኤች ኤል ኤ ቢ 27 ከሚባል የዘር ምልክት ጋር መዛመዱ ታወቀ፤ ምልክቱ ካላቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ አይታመሙም። ከአከርካሪ ቲቢ ጋር ስለሚያሳስት ሐኪሙ ያንንም መረመረ። «ፈጽሞ አይድንም፤ ግን ይገታል» አለኝ። ያን ሌሊት ያልተኛሁት ከሕመም አልነበረም።

እነሆ አሁን፥ ሐኪሙ እንዳዘዘኝ ከምግብ በኋላ ኢቡፕሮፌን እውጣለሁ፤ ማለዳ እራመዳለሁ፤ ለሰልፉም እደርሳለሁ። ስፈትን በዴስኮቹ መካከል እዞራለሁ። ተማሪዎቼ ጥብቅነት መስሏቸው ኩረጃ ቀንሰዋል፤ እኔም አላረምኋቸውም። አዴር ግን ዛሬም «ተቀመጥ እንጂ» ይሉኛል፤ ቆሜ ስጠጣ ሻያቸውን የናቅሁባቸው ይመስላቸዋል።