ስለ ጠፋው የይለፍ ቃል

ቁልፍ የጠፋበት ሰው ሁለት ነገር ሊያሳስበው ይገባል፤ አንደኛው እርሱ መግባት አለመቻሉ፣ ሁለተኛውም ሌላ ሰው እንዳይገባ ነው። ብዙ ሰው ግን ስለ ፊተኛው ሲጨነቅ ኋለኛውን ይረሳዋል። ይህንም ያስተዋልሁት በአንድ ደብር ጽሕፈት ቤት በሆነው ነገር ነው።

ደብሩ ደብዳቤውን በባዕድ ቤት ማኖር ስላልወደደ የራሱን የኢሜል ሰርቨር በቅጽሩ ውስጥ አቁሞ ነበር፤ ፕሮግራሙም ሜልካው የሚባለው ነው። የአስተዳዳሪነቱን የይለፍ ቃል የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነበረ፤ እርሱም ዐረፈ። ከዚያ ወዲህ ለአዲስ አገልጋይ የመልእክት ሣጥን የሚከፍት፣ የተሰናበተውንም የሚዘጋ ጠፋ።

አንድ ወጣት ባለሙያ ተጠራ። ሽማግሎችም፦ «ልጄ፣ የሟቹን ቃል ፈልገህ አውጣልን» አሉት። እርሱም፦ «አባቶቼ፣ ቃሉ በውስጡ የለም» ሲል መለሰ። እውነቱን ነው። ሰርቨሩ የሚያኖረው ቃሉን ሳይሆን፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ቢክሪፕት በሚባለው ስሌት የተለወጠውን ምልክት ነው። ቅኔ ቢሆን ወርቁን ከሰሙ እንለየው ነበር፤ በዚህ ግን በግምት ካልሆነ በቀር ወርቁን የሚፈታ መምህር የለም። ሰርቨሩ ራሱም ገቢው የሰጠውን ቃል እንደ ገና አስልቶ ያስተያያል እንጂ የቀድሞውን አያነብም።

ስለዚህ የጠፋው አይመለስም፤ አዲስ ይተካል። የሰርቨሩ ዲስክ አልተመሰጠረም ነበርና፣ ወጣቱ በጥገና መንገድ አስነሥቶ ሩት የሚሉትን የበላይ ሥልጣን ያዘ። ከዚያም ከፕሮግራሙ ጋራ የመጣውን አጭር ትእዛዝ ቢጽፍ አዲስ የይለፍ ቃል ወጣለት፤ ከደብዳቤዎቹም አንድ አልተነካም።

ሁሉም ደስ አላቸው፤ እኔን ግን ፍርሃት ያዘኝ። ለእርሱ የተቻለው፣ ሙያውን ዐውቆ በሰርቨሩ ፊት ለሚቆም ሁሉ ይቻላልና። አዲሱን ቃል የያዘ ሰው የማንኛውንም ካህን ሣጥን ከፍቶ፣ የንስሐ ልጆቹ በምስጢር የጻፉለትን ሊያነብ ይችላል።

ይህንም ለአለቃው ብነግራቸው፣ ቃሉ ሦስት ሽማግሎች ባሉበት እንደ ገና ተለወጠ። በሁለት ወረቀትም ተጽፎ ታሸገ፤ አንዱ በገበዙ፣ ሁለተኛው በአዲሱ ጸሐፊ እጅ ተቀመጠ። የሰርቨሩም ክፍል ተቆለፈ፤ የተደረገው ሁሉ በመዝገብ ገባ።

ንዋየ ቅድሳት ያለ ምስክር ሊወጣና ሊገባ አይገባም፤ የሰው ምስጢርም ከንዋይ አያንስም። እንግዲህ ይህን መሣሪያ የምታቆሙ አባቶችና ወንድሞች ሆይ፣ ቃሉን በአንድ ሰው ልብ ብቻ አትተዉት፤ ሰው ሟች ነውና። ያለ ምስክርም በአንድ ሰው እጅ አትጣሉት፤ ሰው ተፈታኝ ነውና።