የውሃው ተራ

በቦረና ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች አጠገብ የቆመ ሰው ሁለት ነገር ይማራል። ውሃው በሰዎች ቅብብል ወጥቶ ገንዳው ሳይሞላ ከብት አይገባም፤ ገንዳው ከሚችለው በላይ መንጋም በአንድ ጊዜ አይጠራም። ይህን ተራ የሚያስጠብቅ አባ ሄረጋ የሚባል ኀላፊ አለ። እኛ ግን በነገሌ ቦረና እየኖርን ትምህርቱን ዘንግተን ተቀጣን።

በግቢያችን ያለው ታንከር ምን ያህል ውሃ እንደ ያዘ ለማወቅ፣ 2048 ባይት የሥራ ማኅደረ ትውስታ ብቻ ባላት ማይክሮኮንትሮለር አንዲት መሣሪያ ሠርተን ነበር። ከላይ የተሰቀለው ሴንሰር እስከ ውሃው ገጽ ያለውን ርቀት ይለካል፤ ፕሮግራሙም ያን ርቀት ከታንከሩ ቁመት ቀንሶ የውሃውን ልክ ይናገራል። ቁመቱ የሚነበበው መሣሪያይቱ ስትነሣ ከቋሚ ማከማቻ ነው።

አንድ ቀን ማታ ፕሮግራሙን ለማሳመር ብለን በሁለት ፋይል ከፈልነውና ሳንፈትነው ጫንነው። በማግሥቱ መሣሪያይቱ «ባዶ» አለች፤ አምነን በቦቴ ውሃ አስመጣን። ታንከሩ ግን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበርና፣ ጄሪካን የያዙ ጎረቤቶች እያዩ ውሃው በደረቁ መሬት ላይ ፈሰሰ። ያን ዕለት ያደረብን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

ምክንያቱን መርምረን አገኘነው። በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ በአንድ ፋይል ያሉት በተጻፉበት ተራ ይዘጋጃሉ፤ በተለያዩ ፋይሎች መካከል ግን ማን እንደሚቀድም ቋንቋው አይወስንም። የስሌቱ ክፍል ቁመቱ ከመነበቡ በፊት ተነሥቶ ዜሮን እንደ እውነት ተቀብሎ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ልዩ ልዩ ማስጠንቀቂያ ብንጨምር፣ ጽሑፉ የሥራውን ማኅደረ ትውስታ አጣብቦ መሣሪያይቱ ትፈዝ ጀመር። ስለዚህ ጽሑፉን 32 ኪሎባይት ወደሚይዘው የፕሮግራም ማከማቻ አዛወርነው፤ አነሣሡንም ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ሥር በተራ አደረግነው።

በሐምሌ 1961 ዓ.ም. አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ሲወርድ የኮምፒዩተሩ ተለዋዋጭ ማኅደረ ትውስታ 2048 ቃል ብቻ ነበር። ሥራ በዝቶበት 1202 የተባለውን ማስጠንቀቂያ ቢሰጥም፣ ዋናውን ሥራ አስቀድሞ አነስተኛውን በመተዉ መንኰራኵሩ በሰላም አረፈ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ተማሪዎች ሆይ፣ ማን ከማን እንደሚቀድም ለዕድል አትተዉ፤ የዕቃውንም ልክ ሳትሰፍሩ አትጫኑበት።